የሚንቀጠቀጠው ትንፋሽ

የካቲት 10፣ እሑድ

ጻፊ፣ ሳይራጉል። እኔ የምለውን ጻፊ እንጂ አንቺን ደስ የሚልሽን አትጻፊ። ዕድሜሽን ሙሉ ልጅ ስታስተምሪ የኖርሽ መሆንሽን አውቃለሁ፤ እኔ ግን ክፍል ያከራየሽኝ ሽማግሌ ነኝ እንጂ ተማሪሽ አይደለሁም።

ስሜ ቃልማት ነው። በአላይ ሸለቆ ቃልማት ያላሠለጠነው ፈረስ አሸነፈ ከተባለ ሌሎቹ ፈረሶች ታመው ነበር ማለት ነው። ፊደል አልቆጠርኩም። የፈረስ ትንፋሽ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ሰምቼ፣ ነገ ይሮጥ እንደሆነ ወይም ይወድቅ እንደሆነ እናገራለሁ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ለጉራም ቢሆን እውነት ነው።

የማስጽፈው ለልጄ ለኤርመክ ነው። ኤርመክ በሩሲያ ሰሜን በኩል ዓሣ የሚያጠምድ መርከብ ላይ ተቀጥሯል፤ መርከቡ ወደብ ካልጠጋ ስልኩ አይሠራም። ሲመለስ ምን ሆነ ይለኛል። እኔ ደግሞ ወሬ አላረዝምም። አንብቦ ይረዳ።

የሆነው ይህ ነው። ሚስቱ አልፊያ ያለ ጊዜዋ ወለደች፤ ሆዷን ቀደው ነው ያወጡላት። ሴት ናት። ከጫማዬ ታንሳለች። ሳንባዋ አልበሰለም፣ እንደ ረጠበ ወረቀት እርስ በርሱ ተጣብቋል አለች ጉልዛት የምትባለው ዶክተር። ስለዚህ በአፏ ቱቦ ከተው ማሽን ይተነፍስላታል።

ማሽኑ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እንደ ሰው ነው፤ አየር ይገፋል፣ ደረት ይነሳል፤ ይለቃል፣ ደረት ይወርዳል። ሌላው ደረቱን ነፍቶ ይይዝና ያንቀጠቅጠዋል፤ ትንሽ ትንሽ፣ ዓይን እስኪርገበገብ ድረስ ብዙ ጊዜ። የትኛው ይሻላል ብዬ ጠየቅኳት። «አናውቅም፣ አታ» አለችኝ። አባት ብላ ማክበሯ ጥሩ ነው፤ ይህን ያህል ተምሮ አናውቅም ማለት ግን ምን ይባላል? በሁለቱም የዳኑ አሉ፣ በሁለቱም ያልዳኑ አሉ፣ ለማወቅ ነው የምናወዳድረው አለች። ወላጅ ከፈቀደ ዕጣ ያወጣሉ። ለእኛ የሚያንቀጠቅጠው ወጣ።

አልፊያ አልጋ ላይ ተጋድማ ፈርማለች። እኔን የጠየቀኝ የለም።

የካቲት 12፣ ማክሰኞ

ለአንድ ሕፃን አንድ ጋዋን ነው የሚሰጡት፤ አንድ ሰው ብቻ ይገባል። አልፊያ ገና መራመድ ስላልቻለች ጋዋኑ የእኔ ሆኗል። እጄን እስከ ክርኔ ያሳጥቡኛል። በረት የኖረ እጅ አይጠራም ብዬ ለነርሷ ነገርኳት፤ «ይጠራል፣ ደግመው ይታጠቡ» አለችኝ።

ማሞቂያ ሳጥኗ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከእምብርቷ ጀምሮ እስከ ትከሻዋ ትንቀጠቀጣለች። ደረቷ ተነስቶ ሲወርድ አይታይም። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ትንፋሽ ያየሁት ወድቆ በማይነሳ ፈረስ ላይ ብቻ ነው። አጭርና ፈጣን ትንፋሽ የመጨረሻ ትንፋሽ ነው። ይህንን ለዶክተሯ ነገርኳት። አልሳቀችብኝም። ፈረሱ ደክሞት ነው፣ ይቺ ግን ትንፋሹን የምታወጣው እሷ አይደለችም፣ ማሽኑ ነው፤ ያልበሰለ ሳንባ በኃይል ከተነፋ ሊቀደድ ይችላል፣ ይሄ ደግሞ በትንሽ በትንሹ ስለሆነ ምናልባት ይራራለት ይሆናል አለች። ምናልባት። ይሆናል። በምናልባት ፈረስ አይጫንም።

አጠገባችን የሸርዞድ ልጅ አለ። ሸርዞድ ኡዝቤክ ነው፣ ዳቦ ጋጋሪ፤ ሚስቱ ታማ ተኝታለች። እኔን ቦቦ ይለኛል፣ አያት ማለቱ ነው። ለእነሱ የወጣላቸው የሚገፋው ማሽን ነው። የልጁ ደረት ይነሳል ይወርዳል፣ ይነሳል ይወርዳል። ትንፋሽ ማለት ይሄ ነው።

የሰው ልጅ ማየት ነውር ነው። አላየሁም። አንዴ ብቻ።

የካቲት 13

ደም ወሰዱ። ከየት እንዳገኙት እንጃ። ቀለሟ ጠቆር አለ፣ ተመለሰ። ራት አልበላሁም። ሳይራጉል ልትቆጣ ነው፣ አትጻፊው።

ጻፈችው።

የካቲት 16፣ ቅዳሜ

ከመንደር ዘመድ መጣ። የሟች ወንድሜ ሚስት ቡሩል በስልክ ላይ ፎቶዋን አየችና ምን የመሰለች ልጅ፣ እንዴት ያለ ቅንድብ ነው ብላ ጀመረች። አፍሽን ያዥ አልኳት። እሷም ደነገጠች፤ ታውቃለች እኮ። ከተማ መጥታ ነው የረሳችው።

እኛ ዘንድ ገና ያልጸና ሕፃን አይመሰገንም። የሚሰማ ነገር አለ። ስሙን አልጠራም። ያማረ ነገር ሲነገር ጆሮውን ያቆማል፤ ቆሻሻ ነው፣ አይረባም ከተባለ ግን ትቶ ያልፋል። የመጀመሪያ ልጄን መንደሩ ሁሉ ከእጅ እጅ እየተቀባበለ አመሰገነው፣ አልከረመም። ኤርመክ ሲወለድ ግን አመድ ብዬ ጠራሁት። እስኪያድግ አመድ ነበር። ይኸው ባሕር ላይ ነው።

ስለዚህ በኮሪደሩ መካከል ቆሜ፣ የሚሰማው እንዲሰማ ጮክ ብዬ «የተገፈፈች ጥንቸል ናት። ለምንም አትረባም። ባትቆይም አላዝንም» አልኩ። ቡሩልም ቶሎ ብላ አዎ አስቀያሚ ናት አለች። ደህና አድርገን አልነው።

ዞር ስል አልፊያ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆና ከኋላችን ነበረች። እናቷ ራውዛ ነበረች የምትገፋት። አልፊያ ምንም አልተናገረችም። ጥሩ ምራት አማቷ ፊት አትናገርም። ታታር ብትሆንም፣ የከተማ ልጅ ብትሆንም፣ ሥርዓቱ ገብቷታል ማለት ነው።

የካቲት 17፣ እሑድ

ኤርመክ ደወለ። መርከቡ ለነዳጅ ወደብ ገብቶ ነው። ንፋሱ በስልኩ ውስጥ ይጮሃል።

«እንዴት ናት?» አለኝ።

«አስቀያሚ ናት» አልኩት። «ከአንተ የባሰች።»

 ከዚያ ሳቀ። እየሳቀ ድምፁ ተሰበረ፣ አፍንጫውን ሲስብ ሰማሁት። «ከአመድ የባሰች?» አለኝ። ከአመድ የባሰች አልኩት። ይኸው፣ ልጄ ነገሩ ገባው። አንድ ቃል ሳንጨምር ተግባባን። ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ። ለሚስቱ ሳይደውልላት።

የካቲት 19፣ ማክሰኞ

ማሽኑን ዛሬ ከፍ አደረጉት። የባሰ ተንቀጠቀጠች። ወደ አልፊያ ክፍል ሄጄ ፊርማሽን መልሺ፣ እንደ ሸርዞድ ልጅ በሚገፋው ያድርጉላት አልኳት። የፈረመ ሰው በማንኛውም ሰዓት አልፈልግም ማለት ይችላል፤ ዶክተሯ ራሷ ናት የነገረችኝ። ማለት የምትችለው ግን እናቷ ብቻ ናት። እኔ ጋዋን ለባሽ ነኝ።

አልፊያ ወደ መስኮቱ ዞራ ነበር። ሳትዞር፣ «ምን ግድ ሰጠዎት፣ አታ? አትረባም ብለው የለም?» አለችኝ።

ልነግራት እችል ነበር። ግን እንዴት ተደርጎ ይነገራል? እኔ የምለው ለማስመሰል ነው፣ በልቤ ግን ሌላ ነው ብዬ አፌን ከከፈትኩ፣ የሚሰማውም ያንኑ ይሰማል። በተብራራ ቀን ነገሩ ያልቃል። ስለዚህ «የምልሽን አድርጊ» ብቻ አልኳት።

«ዶክተሯን አምናለሁ» አለች። «እሷ አናውቅም ብላ እውነቱን ነግራኛለች።»

ወጣሁ። ደፋር ናት። ደፋር ሴት አልወድም። ሚስቴ ባትማ ደፋር ነበረች።

የካቲት 21፣ ሐሙስ

አልፊያ ከሆስፒታል ወጣች። ከእናቷ ጋር ጃላል አባድ ሄደች። ልታርፍ ነው። ቁስል አለባት፣ ዕረፍት ያስፈልጋታል። ሳይራጉል ዓይኗን ወደ እኔ አታንሳ፣ ዕረፍት ነው።

የካቲት 24፣ እሑድ

የሸርዞድ ልጅ ሳንባ ቀዳዳ አበጀ። አየሩ ሾልኮ ደረቱ ውስጥ ገባ፤ ሰዎች ሮጡ፣ እኛን አስወጡን። በጎኑ ሌላ ቱቦ አስገቡለት። ሸርዞድ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ በእጁ ላይ ዱቄት አለ፣ ከሥራ ነው የጠሩት።

አጠገቡ ቆምኩ። ቀና ብሎ አየኝና «ቦቦ፣ የእኔን ልጅ ማሽን ሲመኙ አላየሁም መሰለዎት?» አለኝ።

 ትከሻው ላይ እጄን አደረግኩ። አላነሳውም።

ዶክተሯን አግኝቼ እንግዲህ የኛው ይሻላል ማለት ነዋ አልኳት። ደክሟት ነበር፤ ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። «አታ፣ አንድ ፈረስ አንድ ቀን ቢወድቅ ዘሩን ሁሉ መጥፎ ነው ይላሉ?» አለችኝ። አልልም አልኳት። በሁሉም መንገድ፣ በሁሉም ሜዳ አሮጬ ነው የምፈርደው። «እኛም እንደዚያው ነን» አለች። «ነገ የእናንተዋም ሳንባ ሊቀደድ ይችላል።»

እንዲህ ያለ ንግግር ለሽማግሌ አይነገርም። ግን ገባኝ። ወንበር ስቦ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ካየሁ ሰንብቷል።

የካቲት 27፣ ረቡዕ

የእናቷ ወተት አለቀ። አልፊያ ትታ የሄደችው ነበር፤ በቀጭን ቱቦ ወደ ሆዷ ጠብ ጠብ ያደርጉላት ነበር። የዱቄቱን ወተት ሞከሩ። ሆዷ ተነፋ። አቆሙት። በደም ሥር ብቻ ይመግቧታል። ዶክተሯ እንዲህ ያለ ትንሽ አንጀት የእናት ወተት ካላገኘ ሊበሰብስ ይችላል፣ ስልክ ብንደውል አያነሱም፣ እርስዎ ይደውሉ አለችኝ።

ደወልኩ። ራውዛ አነሳች። ወተት ያስፈልጋል አልኳት። «ለማን?» አለችኝ። «ለጥንቸሏ? ወንድ ብትሆን ኖሮ ገና ዱሮ በግ ባረዱ ነበር። ልጄ ቀን ከሌት ታለቅሳለች፤ አስለቅሰው ልጇን ከናቁባት ሰዎች ዘንድ አልልካትም።» ዘጋችው።

ወንድ ብትሆን! እኔ በሕይወቴ ካሠለጠንኳቸው ሁሉ የበለጠችው ባዝራ ናት። ይህንን ለማን ልንገር።

የካቲት 28

አልተኛሁም። ምክንያት የለውም፣ አልጋው ጠንካራ ነው።

የካቲት 30፣ ቅዳሜ

የሸርዞድ ልጅ ዳነ። የጎኑ ቱቦ ወጣ፣ ዛሬ ደግሞ የአፉም ወጣና ወደ ሌላ ክፍል ወሰዱት። ሸርዞድ ትኩስ ዳቦ አመጣልኝ። ላንተ ልጅ ዕድሜ ይስጠው አልኩት፤ ሌላ አላልኩም፣ አልበዛሁም። እሱ ግን ባለጌ ነው፣ ጎንበስ ብሎ ወደ እኛ ሳጥን አየና «ይቺም ቆንጆ ናት፣ ቦቦ» አለ። በልቤ ሦስት ጊዜ ተፋሁ።

አሁን በዚያ በኩል ባዶ ሳጥን ነው ያለው። ቀኑን ሙሉ የምሰማው የኛን ማሽን ብቻ ነው። እንደ ሩቅ ትራክተር ነው ድምፁ።

ማታ ሳይራጉል ብዕሯን አስቀመጠችብኝ። አልጽፍም አለች። ሂድና ለአልፊያ ንገራት አለችኝ። ቢነገር ይፈርሳል አልኳት። «ሳይነገር የቆመው ምንድን ነው?» አለች። አንቺ መምህርት ነሽ፣ የሙታንን ነገር አታውቂም አልኳት። ባሏን ቀብራለች፤ ረስቼው ነው። ተነስታ ሳህኑን አጠበች። ከዚያ መጥታ ብዕሯን አነሳች። ይህንንም እንድትጽፈው ያልኳት እኔ ነኝ።

መጋቢት 2፣ ሰኞ

ልጅቷ ትንፋሽ አጠራት። ማንቂያው ጮኸ። ሰማያዊ ሆነች፣ ከዚያ ግራጫ። ጉልዛት በእጇ ትንሽ የአየር ፊኛ እየጨመቀች አስተነፈሰቻት። ወጣሁ አልወጣሁም አላስታውስም። ተመለሰች። የሆድ ኢንፌክሽን ጀምሯት ሊሆን ይችላል። መድኃኒት ጀመሩ። «እናቷ ትምጣ» አለች ነርሷ። ለእኔ አልነበረም የተናገረችው፣ ለራሷ ነው።

ነገ ጃላል አባድ እሄዳለሁ።

መጋቢት 3፣ ማክሰኞ

አሁን ተመለስኩ። በርጋታ ጻፊ።

የጋራ ታክሲ ይዤ ሄድኩ። ራውዛ በሩን ከፈተችና አየችኝ። ሰው ደጅ ላይ አይመለስም፤ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ፣ ቀመስኩ። ሻይ ግን አልቀዳችም። አልፊያ ከውስጥ ወጣች። ፊቷ አልቋል። ደጃፉ ላይ ቆመች፣ ተቀመጡም አላለችኝ።

መንገዱን ሙሉ እንዴት እንደምናገር ሳስብ ነበር። በተዘዋዋሪ፣ በምሳሌ፣ የሚሰማው ሳይገባው ለእሷ ብቻ እንዲገባት። አንድም አልመጣልኝም። ሳይሉኝ ተቀምጬ ኮፍያዬን አውልቄ ጉልበቴ ላይ አደረግኩ። ቆብ ሳላደርግ ሴት ፊት ተቀምጬ አላውቅም።

«ቆንጆ ናት» አልኩ።

 ራውዛ ምን አለ ብላ ወደ ልጇ ዞረች። ቀጠልኩ። አንዴ ከተከፈተ በር አይዘጋም።

«ቅንድቧ የባትማ ነው። ጣቶቿ ረጃጅም ናቸው፤ ጣቴን ስትይዝ አትለቅም፣ ነርሷ ናት ፈልቅቃ የምታስለቅቀኝ። ነፍሰ ጠንካራ ናት። እንደሷ ያለ አላየሁም፣ በሰውም በፈረስም። ወንድ አልተመኘሁም። አትረባም ያልኩት እንዳትወሰድብኝ ነው። የኛ ነገር እንደዚያ ነው። ለኤርመክም እንደዚያ ብዬ ነው ያሳደግኩት። አሁን ተናግሬዋለሁ፤ አንድ ነገር ብትሆን የገደልኳት እኔ ነኝ። ግን ያለ አንቺ ከምትሞት ይሄ ይሻላል።»

 አልፊያ ገባች። እንግዲህ አለቀ ብዬ ኮፍያዬን አነሳሁ። ተመልሳ ስትወጣ ካፖርት ለብሳ፣ ፎጣ የጠቀለለችውን ነገር በሁለት እጇ ታቅፋ ነው። በረዶ የሆነ ወተት ነው፤ በትናንሽ ጠርሙስ፣ በየቀኑ ያለበችው። አንድም ቀን አላቋረጠችም።

«ለማን እንደማልብ አላውቅም ነበር» አለች። «ግን ማቆም አልቻልኩም።»

ራውዛ ሻይ ቀዳችልኝ። ቆሜ ጠጣሁት።

በታክሲው ውስጥ ጠርሙሶቹን ጭኔ ላይ ያዝኳቸው። እንዳይቀልጡ መስኮቱን ከፍቼ፣ ሹፌሩ በብርድ እየተሳደበ። አልፊያ አጠገቤ እንቅልፍ ወሰዳት።

መጋቢት 4፣ ረቡዕ

ጋዋኑን ለአልፊያ ሰጠኋት። አንድ ነው ያለው። ነርሷ አዝናለሁ አታ አለችኝ። ምን ያሳዝናል፣ እናት ነች አልኳት።

ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር አለ። መስኮቱ የት እንደሆነ ዘበኛውን ጠየቅኩት። የዚያ ክፍል መስኮት በሌላ በኩል ነው አለኝ።

መጋቢት 6፣ ዓርብ

ወተቱን ሆዷ ተቀበለ። አልፊያ ወጥታ፣ አንገቷን ደፍታ «ደህና ናት፣ አታ» ብላኝ ተመልሳ ገባች። ደህና ማለት ምን ማለት ነው? ማሽኑ ዝቅ ብሏል ወይስ ከፍ? ቀለሟስ? ጣቷን ለማን ሰጠች? እኔ ብሆን ሁሉን እነግራት ነበር።

እውነቱን ልናገር፣ ነግሬያት አላውቅም።

መጋቢት 8፣ እሑድ

ያልኩት ቃል ዋጋ ያስከፍላል ብዬ እጠብቃለሁ። ዘበኛው በሩን በከፈተ ቁጥር ሊጠሩኝ ነው እላለሁ። አንዲት ሴት ጮኸች፤ የሌላ ሰው ነበረች። እፎይ አልኩ። ሰው እንዲህ ይሆናል እንዴ?

ሸርዞድ ልጁን ይዞ ወጣ። አሳየኝ። አላመሰገንኩትም፣ ልጁን ማለቴ ነው። አባቱን አመሰገንኩ።

መጋቢት 10

ብርድ። ወንበሩ እርጥብ ነው። ሳይራጉል ትራስ ሰጠችኝ፣ አልወሰድኩም። ሰው እንዲያይ ነው የምትፈልገው?

ወሰድኩት።

መጋቢት 12፣ ሐሙስ፣ ኖሩዝ

የዘመን መለወጫ ነው። ሆስፒታሉ ፊት ለፊት ያለው ሰፈር ትልቅ ብረት ድስት ጥደው የበቀለ ስንዴ ገንፎ ያማስላሉ። ሴቶቹ ና አክሳካል፣ ና ሽማግሌ፣ አንተም አማስል፣ ስታማስል ተመኝ አሉኝ። አልሄድኩም። የምመኘው አፌ ላይ ሲመጣ ተናግሬ እንዳልጨርሰው ብዬ።

ጠዋት ጉልዛት በዚህ በኩል አልፋ ነበር። ዛሬ ቱቦውን አውጥተን እንሞክራለን፣ በአፍንጫዋ ብቻ ቀጭን አየር እንሰጣታለን፣ ካልቻለች መልሰን እንከታለን አለችኝ። ሌላም ነገር ነገረችኝ። ቱቦው በድምፅ መውጫው መካከል ስለሚያልፍ፣ እስካሁን አፏን ከፍታ ስታለቅስ ድምፅ የማይሰማው ለዚያ ነው። እኔ አታለቅስም እል ነበር። ጠንካራ ናት፣ አታለቅስም፣ ብዬ ለዘበኛው ሳይቀር አውርቻለሁ። ስታለቅስ ነበር ለካ፣ አጠገቧ ተቀምጬ።

ከዚያ ተቀመጥኩ። ፀሐይ ወንበሩን አለፈችው። ማንም አልወጣም። የገንፎው ሴቶች ዘፈን ጀመሩ፣ ጨረሱ፣ ሌላ ጀመሩ።

ስልኬ ጠራ። የአልፊያ ቁጥር ነው፤ ማንበብ ባልችልም የእሷን ቁጥር ቅርጹን አውቀዋለሁ። አነሳሁ። አላናገረችኝም። የሆነ ነገር ፊት ስልኩን እንደያዘችው ገባኝ፤ መሬት ላይ የሚጎተት ዓይነት ነፋስ ይሰማል። ተጣራሁ፣ ምን ሆነ አልኩ።

ከዚያ ሰማሁት። ቀጭን፣ ሻካራ፣ የተቆጣ። ይቋረጣል፣ አየር ይስባል፣ ይጀምራል። ማንም አይገፋላትም፣ ማንም አያንቀጠቅጥላትም። እየሳበች የምትለቀው ራሷ ናት።

ሴቶቹ ዘፈናቸውን እንዲያቆሙ በእጄ ምልክት ሰጠኋቸው። የተቆጣሁ መስሏቸው ዝም አሉ። ስልኩን ወደ ጆሮዬ ተጫንኩት፤ ዘበኛው መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ብዙ አለቀሰች። እኔም አልዘጋሁም፣ አልፊያም አልዘጋችም። የተቋረጠው የአልፊያ ካርድ አልቆ ነው።

ከተቋረጠ በኋላም ከጆሮዬ አላነሳሁትም።